አሥረኛው ክፍል

የእናቴን ለቅሶ ያበላሸሁት እኔ ነኝ። ዘመድ ሁሉ «ኧረ ተይ፣ እንዲህ አይባልም» ይለኛል። የሚለኝ ግን ለእኔ አዝኖ እንዳይመስላችሁ፤ የራሱም እጅ ስላለበት ነው። እኔ ጥፋቴን ካመንኩ እነሱም የየድርሻቸውን ማመን ሊኖርባቸው ነው፤ እሱ ደግሞ አይመቻቸውም።

ፍኖተ ሰላም መናኸሪያው አካባቢ ፊልምና መዝሙር የምጭንባት አንዲት ጠባብ ሱቅ አለችኝ። ገበሬው ገበያ ሲወጣ የስልኩን ሚሞሪ በወረቀት ጠቅልሎ ይሰጠኝና ገበያውን ጨርሶ ሲመለስ ሞልቼ እሰጠዋለሁ። እናቴ የምትኖረው ከቡሬ ወደ ሽንዲ በሚወስደው መንገድ፣ ከመኪና ተወርዶ አንድ ሰዓት ያህል በእግር ከተሄደ በኋላ ነው። ልጆቿ ሁለት ነን፤ እኔና ታናሽ ወንድሜ። አባታችን ከሞተ በኋላ እርሻውን ይዞ ከእሷ ጋር የቀረው እሱ ነበር። እኔ ከተማ ገባሁ፣ እሱ ሞፈር ያዘ። አንድም ቀን ለምን እኔ ብሎ አያውቅም፤ ቢል ኖሮ ዛሬ ይቀለኝ ነበር።

ያንን ፊልም ቤታችን ያስገባሁት እኔ ነኝ። ስሙን አልጠራውም፣ ጠልቼዋለሁ። ባሕር ማዶ የተሠራ የአንድ ቤተሰብ ታሪክ ነው፤ በዓመት አንዳንዴም በሁለት ዓመት አንድ ክፍል ይወጣል። አባትየው ጀልባ ጠጋኝ፣ እናትየዋ ልብስ ሰፊ፣ ልጆቹ ሦስት ናቸው። አማርኛውን የሚያወራው አንድ ሰውዬ ብቻ ነው። አባቱንም፣ እናቱንም፣ ሕፃናቱንም እሱ ነው የሚሆነው፤ ለሴቶቹ ድምፁን ያቀጥናል። የመጀመሪያዎቹን ክፍሎች ቡሬ ቤት ተከራይቼ ስማር በሲዲ አየናቸው። እናቴ ስንቅ ይዛልኝ ስትመጣ ወንድሜን አስከትላ ነበርና አከራዬ ቤት ሦስታችንም ተደርድረን ተቀመጥን። መጀመሪያ በሰውየው ድምፅ ስንስቅ ዋልን። ሦስተኛው ክፍል ላይ ስንደርስ ግን ሰውየውን ረሳነው፤ እናትየዋ ራሷ አማርኛ የምታወራ መሰለን።

እናቴ ያቺን ሴትዮ ልክ እንደ ጎረቤት ታማት ነበር። «ይኸን ልጅ በጧት ደረቅ ዳቦ አስይዛ ትሰደዋለች፣ እንደው ምን ዓይነት አንጀት ነው ያላት» ትላለች። ባልና ሚስቱ የተጣሉበት ክፍል ላይ ሁለት ቀን ፊቷ አልፈታም። ትልቋ ልጅ ስታገባ እልል አለች፤ ቤት የነበሩት ጎረቤቶችም ተቀበሏት። ከሁሉም የምትወደው ግን ታናሹን ልጅ ነበር። በመጀመሪያው ክፍል የአሥር ዓመት ልጅ ነው፣ ወንድሜም ያኔ አሥር ዓመቱ ነበር። አዲስ ክፍል በመጣ ቁጥር ሁለቱን ታስተያያለች፤ ማን እንደረዘመ፣ የማን ድምፅ እንደጎረነነ፣ ማን ጢም እንዳቀመቀመ። ወንድሜ «የእኔን ጢም ፊልም አንሽው እስቲ» እያለ ያበሽቃታል።

ቤቱ ሶላርና ትንሽ ቴሌቪዥን ከገባለት በኋላ አዲስ ክፍል በወጣ ቁጥር ወንድሜ ሱቄ ድረስ መጥቶ በፍላሽ ይወስዳል። ያለ እሱ ማንም አያይም፤ ይኸ የቤቱ ሕግ ነበር። ዘጠነኛው ክፍል ያ ታናሽ ልጅ መርከብ ላይ ሥራ አግኝቶ ሲሳፈር ነው የሚያልቀው። እናትየዋ ወደቡ ላይ ቆማ ቀረች። እናቴ ያን ቀን «ሰው እንዴት ልጁን ውኃ ላይ ይሰዳል» ስትል ነው የዋለችው።

እሷም ሰደደች፣ በየብስ ይሁን እንጂ። አንዱ በሬያችን ሞቶ ነበርና ወንድሜ በመስቀል ማግሥት ከጓደኛው ጋር መተማ ለሰሊጥ አጨዳ ወረደ። ሲሄድ በሱቄ በኩል አልፎ «እታለም፣ አሥረኛው ቢወጣ እኔ ሳልመለስ እንዳታሳያት» አለኝ። «እሷም አላይም ብላ ምላልኛለች።» ሳቅሁበት። ሃያ ሁለት ዓመት የሞላው ሰው እናቱን በፊልም ያስምላል።

ኅዳር እንደገባ ጓደኛው ብቻውን ተመልሶ ሱቄ መጣ። በፌስታል የወንድሜን ጋቢና ስልክ ይዟል። ጥቅምት አጋማሽ ላይ ወባ ያዘው፣ በአራተኛው ቀን ሞተ፣ እዚያው ቀበሩት። ይኸን ነግሮኝ ሲጨርስ ደንበኛ ደጅ ላይ ቆሞ መዝሙሩ ተጭኖ እንደሆነ ይጠይቀኛል። ጫንኩለት። ከዚያ ሱቁን ከውስጥ ቆልፌ መሬት ላይ ተቀመጥኩ፤ ፊቴን ጋቢው ውስጥ ቀብሬ፣ ድምፄ ውጭ እንዳይሰማ እየነከስኩት አለቀስኩ።

በአገራችን መርዶ ዝም ተብሎ አይነገርም። ዘመድ ይመክርበታል፣ ቀን ይቆረጥለታል፣ በማለዳ ተሰብስቦ ይገባል፤ እስከዚያው ሐዘንተኛዋ አትሰማም። የእናቴን ወንድም፣ አጎቴን ቡሬ አስጠርቼ ነገርኩት። እንባውን ጠረገና «ጤፉ ቆሟል» አለኝ።

«ምን ማለትዎ ነው?»

«አሁን ከተረዳች ቤቱ ይዘጋል፣ አገር ምድሩ ለቅሶ ይቀመጣል። ጤፉን ማን ያጭደዋል? ይረግፋል። የዓመት ጉርሷ ነው፣ ልጀ። ታጭዶ፣ ተወቅቶ፣ ጎተራ ይግባና ያን ጊዜ እንነግራታለን።»

አጎቴ ክፉ ሰው አይደለም። ያለውም እውነት ነበር፤ ያናደደኝም እሱ ነው። ጤፍ መጠበቅ አይችልም፣ የሞተ ሰው ግን ይችላል። እሺ አልኩ። በየሳምንቱ እየሄድኩ ከእናቴ ጋር አጨድኩ፣ ነዶ ተሸከምኩ፣ የጎረቤት ልጅ ክርስትና ላይ አብሬያት ተቀመጥኩ። ስትስቅ ሳቅሁ። ከተማ ስመለስ ሱቄን ቆልፌ አለቅሳለሁ፤ የሁለት ወር ለቅሶዬን እንዲህ ቀን በቀን ጨረስኩት።

አሥረኛው ክፍል የመጣልኝ በዚያው መሐል ነው። ለእሷ ልጭንላት ጨርሶ አላሰብኩም፤ ብቻዬን ሱቅ ውስጥ አየሁት። መርከቡ ይሰጥማል። ሰዎች የልጁን ኮት ብቻ ይዘው ቤቱ ድረስ ይመጣሉ፤ እናትየዋ ኮቱን ታቅፋ በሩ ላይ ትወድቃለች። ፊልሙን አጥፍቼ ሱቁን ቆልፌ ወጣሁ።

ጤፉ ተወቅቶ ሊያልቅ ሲል አጎቴና የእናቴ የንስሐ አባት ተቀምጠው መከሩ። እኔም ነበርኩ። እናቴ ደም ግፊት አለባት፤ ዱብ ዕዳ እንዳይሆንባት አስቀድሞ ሆዷን ማላመድ አለብን ተባለ። አጎቴ እንደ ወጉ «ታሟል እንበላትና ሁለት ሦስት ቀን እናቆያት» አለ። ታሟል ብንላት እንደማትቀመጥ አውቃለሁ። ነጠላዋን አንገቷ ላይ ጥላ መተማ ድረስ ትወርዳለች። ያን ጊዜ ነው ብልጥ የሆንኩት። «ፊልሙን ላሳያት» አልኩ። የልጁን መሞት ነገርኳቸው። «እሱን አይታ ታልቅስ፣ ሆዷ ይባባ፣ በሦስተኛው ቀን እንገባለን። ግማሹ እንባ ከወጣላት ሌላውን ትችለዋለች።»

አጎቴ ቴሌቪዥኑ ቤት የገባ ለታ የሰይጣን መስኮት ነው ብሎ የተቆጣ ሰው ነው። አሁን ግን ራሱን ነቀነቀና «መላ ነው» አለ። የንስሐ አባቷ ግን «ልጀ፣ ለቅሶ ልምምድ አለው እንዴ?» አሉኝ። የመለሰላቸው የለም፤ እሳቸውም አልደገሙትም። ይኸው የዝምታ ድርሻቸው ነው።

እሑድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ ፍላሹን አወጣሁ። እናቴ ዓይኗ በራ፣ ወዲያው ደግሞ መልሳ አጨለመችው።

«አይሆንም፣ ወንድምሽ ይምጣ። ምየለታለሁ።»

«ደውሏል» አልኳት። ይኸንን ለማለት አልተዘጋጀሁም ነበር፤ አፌ ላይ የመጣውን ነው ያልኩት። «ሥራ በዝቶበት ይቆያል። እሷ ትየው፣ እኔ እዚህ አየዋለሁ ብሏል።»

«ደወለ? መቼ? ደኅና ነው? ድምፁ እንዴት ነበር?»

«ዛሬ ጧት። ደኅና ነው።»

«ይበላል?»

«ይበላል እማ። ወፍሯል አሉ።»

ወፍሯል አሉ። ከሞተ ሁለት ወር ተኩል ሊሞላው ለተቃረበ ሰው። እናቴ ሁለት እጇን ወደ ላይ ዘርግታ አመሰገነች፣ ጎረቤቶቿን ጠራች፣ ባቄላ ቆላች፤ ጾም ባይሆን ዶሮ ታርድ ነበር። ልጇ ፈቅዶላታላ።

ኮቱ ሲመጣ እናቴ ከመደቡ ተነሳች። እንደማንኛዋም ፊልም ተመልካች ዓይኗን በነጠላዋ ጫፍ ጠርጋ ትቀመጣለች ብዬ ነበር። እሷ ግን ነጠላዋን አዘቀዘቀች፣ መቀነቷን አጠበቀች፣ ቤቱ መሐል ቆመችና ደረቷን እየመታች ሙሾ አወረደች። ለዚያ ልጅ። የወተት ጥርሱ ሲወልቅ እንዳየችው፣ ፊደል ሲቆጥር እንደሰማችው፣ እናቱ ደረቅ ዳቦ አስይዛ እንደላከችው፣ አንድ ሳይቀራት በግጥም ዘረዘረችው። ሴቶቹ መጀመሪያ ተያይተው ሊስቁ ነበር፤ ከዚያ አንዷ ተነሳች፣ ሌላዋም ተከተለች። ፊልሙ አልቆ ሰማያዊ መስኮት ብቻ ቀርቶ እንኳን ለቅሶው አልቆመም። እናቴ እንዲህ ስታለቅስ ያየኋት ለአባቴ ብቻ ነው። ለአባቴም እንዲህ አላለቀሰችም።

ሲደክማት ተቀመጠች። ፊቷን በውኃ አስታጠብኳት። ረጅም ትንፋሽ ተነፈሰችና ሴቶቹን ዞር ብላ አየቻቸው።

«ተመስገን» አለች፣ «የእኔስ ደኅና ነው። ዛሬ እንኳ ደውሏል።»

ከጎረቤቶቹ ሁለቱ መርዶውን ያውቁ ነበር። አንዷ ባቄላውን ከጭኗ ላይ አራግፋ ወጣች። እኔ የእናቴን እግር አጠብኩ። ሌላ ምን እንደማደርግ አላውቅም ነበር።

በሦስተኛው ቀን ማለዳ አጎቴ፣ የንስሐ አባቷና የሰፈሩ ሰው ገቡ። የመርዶ ሰው በአረማመዱ ይታወቃል፤ እናቴ ገና ደጁን ሲያልፉ አይታ ገባት። ሁለት ሴቶች ክንዷን ግራና ቀኝ ያዙ። ነገሯት። እኔ ጮኼ መሬት ላይ ወደቅሁ፣ ሰዎች እኔን ለማንሳት ተረባረቡ። እናቴ ግን እንደቆመች ቀረች።

«የት ተቀበረ?»

«እዚያው» አላት አጎቴ።

«መቼ?»

«በጥቅምት።»

«ጥቅምት» አለች። በሩ በኩል ጎተራውን አየችው። ከዚያ ክንዷን ከያዟት ሴቶች እጅ ቀስ ብላ አስለቀቀችና ተቀመጠች።

አላለቀሰችም። ያን ቀንም፣ በማግሥቱም። ከሽንዲ በኩል ስሟ የታወቀ አልቃሽ መጥታ የወንድሜን ቁመትና አስተራረስ፣ ለእናቱ ያለውን ፍቅር አንስታ ድንጋይ የሚያስለቅስ ሙሾ አወረደች። ወንዶቹ ሁሉ ተነፋረቁ። እናቴ አልቃሿን ልክ የማታውቀውን ቋንቋ እንደሚሰማ ሰው ትኩር ብላ ታያት ነበር። አጎቴ በጆሮዋ «ኧረ አልቅሽ፣ ይወጣልሻል» ሲላት «አልመጣልኝም» አለችው። «እሑድ ለታ ጨረስሁት።» እኔ ሁለት ወር ሙሉ በድብቅ ያለቀስኩት ሴትዮ ደግሞ የለቅሶው ሞገስ ሆንኩ። «እህት ማለት ይቺ ናት» ተባልኩ። ማፈሬን ለማን ልናገር።

እኛ ዘንድ ለቅሶ እንደ ሠርግ ይወራል። ማን መጣ፣ ማን ቀረ፣ ማን እንዴት አለቀሰ። ወሬው ቡሬ ገበያ ደርሶ ፍኖተ ሰላም ገባ። አንዲት ደንበኛዬ፣ ማን እንደሆንኩ የማታውቅ፣ ሚሞሪዋን እየጫንኩላት፣ «እዚያ ታች አንዷ አለች አሉ፤ ለፊልም ልጅ ደረቷን ስትደቃ ውላ ለገዛ ልጇ ዓይኗን ማርጠብ ያቃታት» አለችኝ። እየሳቀች ነው። ሚሞሪውን ነቅዬ ሰጠኋት፣ «ኮምፒውተሩ ተበላሽቷል» አልኩና በሩን ዘጋሁ። የተናደድኩት በሴትዮዋ ብቻ ቢሆን ጥሩ ነበር። በእናቴም ተናድጄ ነበር። ምናለ ለይምሰል እንኳ ብታለቅስ፣ ምናለ ብታድነኝ እል ነበር።

ከመርዶው አርባ ቀን በኋላ አንድ ቀን ከሰዓት በፊት ምስር እየለቀምን ጠየቀችኝ። ቀና ብላ አላየችኝም።

«ያን እሑድ ደወለ ያልሽኝ፣ ማን ነው የደወለው?»

«ማንም አልደወለም።»

«ሞቶ ነበር።»

«አዎ።»

«ታውቂ ነበር።»

«አዎ።»

ጥቂት ምስር ለቀመች። «ጤፉን ስናጭድስ?»

«አውቅ ነበር።»

«ክርስትናው ለታ፣ እስክስታ ውረጅ ብለውኝ የወረድሁ ለታ?»

«አዎ እማ።»

«አጨብጭበሽልኝ ነበር።»

አጨብጭቤላት ነበር። ሰው ምን ይላል ብዬ፣ እንዳትጠረጥር ብዬ፣ ከሁሉ አብልጬ ነው ያጨበጨብኩት። ይኸን ማስረዳት ጀምሬ ጤፉን፣ ደም ግፊቷን፣ የአጎቴን ምክር ደረደርኩ። እስክጨርስ ጠበቀችኝ።

«ሁለት ወር ሙሉ ቁጭ ብለሽ አየሽኝ» አለች። «መጨረሻውን የምታውቂውን ፊልም እንደምታይ።»

ከዚያ ጤፍ አንድ እንጀራ አልቀመሰችም። ለሰው ትጋግራለች፣ ለእኔ ታቀርባለች፣ እሷ የበቆሎ ትበላለች። አጎቴ ተቆጣ፣ የንስሐ አባቷ መከሩ፣ እኔ ለመንኩ። አልተከራከረችንም፣ ዝም ብላ በቆሎዋን በላች። ቴሌቪዥኑን በጨርቅ ሸፍና ከመደቡ ሥር አስገባችው። እኔ ግን ሱቄን አልዘጋሁም። የምበላው ከዚያው ነውና ለሰው ስጭን፣ አሥረኛውን ክፍልም ጭምር ስጭን፣ ከረምኩ።

በዓመቱ አሥራ አንደኛው ክፍል ወጣ። ልጁ አልሞተም። መርከቡ ሲሰጥም ሌሎች ሰዎች አውጥተውት፣ ታሞ፣ ራሱን ስቶ፣ በሰው አገር ከርሞ ነው ለካ። ፊልሙ ሲያጋምስ በሩን ከፍቶ ይገባል፤ እናትየዋ መርፌው ከእጇ ይወድቃል። ያን ሳምንት ደንበኛው ሁሉ ደስ ብሎት ነበር። «ተነሳ አሉ፣ ጫኝልኝ» እያለ ይሰለፋል። ሕይወቴን ሙሉ እንደዚያን ሳምንት ሰው ጠልቼ አላውቅም። ፊልሙን የሠሩትን ሰዎች፣ ያንን ድምፁን የሚያቀጥን አስተርጓሚ፣ ደስ ያላቸውን ሁሉ ጠላሁ። እናቴ ጆሮ እንዳይደርስ ለጎረቤቶቿ ልጆች አልጭንም አልኩ። ሌላ ሱቅ ጫነላቸው።

የሚቀጥለው ቅዳሜ ስሄድ ገና ሳልቀመጥ ጠየቀችኝ። ጥጥ እየፈተለች ነበር።

«ያ ልጅ ተመልሷል የሚሉት እውነት ነው?»

«ፊልም እኮ ነው እማ።»

«ፊልም መሆኑንማ አውቃለሁ፣ ልጅ አይደለሁ። ተመልሷል ወይ ነው ያልሁሽ።»

«ተመልሷል።»

«እናቱ አየችው?»

«አየችው።»

እንዝርቷን መሬት ላይ አስቀመጠች። «ያለቀስሁለት መጣ» አለች፣ ለእኔ ሳይሆን ለራሷ እንደምትነግር። «ለእሱ አለቀስሁለትና መጣ።»

«እማ፣ እንደሱ አይደለም።»

ተነሳች። ነጠላዋን አዘቀዘቀች፣ መቀነቷን አጠበቀች፣ ቤቱ መሐል ቆመችና ዓመት ሙሉ አፏ ያልነካውን የወንድሜን ስም ጠራች። እንባዋ መጣ። ደረቷን እየመታች ስሙን ደጋግማ ትጠራለች፣ በጠራችው ቁጥር ወደ በሩ ታያለች። ለቅሶ ይሁን ጥሪ መለየት አቃተኝ። የሚደግፋት ሌላ ሰው ቤቱ ውስጥ አልነበረምና ክንዷን ልይዝ ተጠጋሁ። በእጇ ገፋችኝ፤ በሩን ከልዬባት ነበር።